ግጥሜን ታይ ቤት ወሰድኩት

ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእንቁጣጣሽ ዝግጅት መድረክ ላይ ወጥቼ ግጥሜን ማንበብ። የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣን የነበራቸው ደግሞ ከከተማው ሁለት የማይስማሙ የሐበሻ ኮሚቴዎች ዝግጅቱን የያዘው ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ፤ ታክሲ የሚነዱ፣ ወገባቸው ላይ ሁለት የጥሪ መቀበያ ፔጀር የሚያንጠለጥሉ ትልቅ ሰው። ስልክ ደውዬ ስለምናቸው «መጀመሪያ እኔ ልስማው» አሉኝ።

ቼሪ መንገድ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ብጋብዛቸው እንደማይሆን አውቃለሁ። እሳቸው ከተቀመጡበት ገበታ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ሰላም ሊል መጥቶ ይቀመጣል፣ ሌላው እኔ ካልከፈልኩ ብሎ ይታገላል፣ ግጥሜም መሃል ላይ ይረሳል። ስለዚህ ከምሠራበት ፓርኪንግ አጠገብ ወደተከፈተ አዲስ ታይ ቤት ጠራኋቸው። ግድግዳው ነጭ፣ ሳህኑ እንደ ሰፌድ ሰፊ፣ ምግቡ እንደ መድኃኒት ትንሽ ነው።

«ቻይና ቤት ነው?» አሉ ታክሲያቸውን ፓርክ አድርገው ሲገቡ።

«ታይ ነው ጋሼ። ያውም የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ምግብ ብቻ።»

«ሶ፣ እነሱም ሁለት ኮሚቴ አላቸው ማለት ነው» አሉና ተቀመጡ።

አስተናጋጇ የሚያቃጥለውን መጠን ከአንድ እስከ አምስት እንድንመርጥ ጠየቀችን። «ፋይቭ» አሏት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ከዚያ በላይ ስለሌላቸው ነው» አሉኝ።

በሎሚና በቃሪያ የተለወሰ የተከተፈ ሥጋ መጣ። «ክትፎ ጀምረው ሐሳባቸውን የቀየሩበት ነው» አሉ። የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ተከተለ። «ይኼ ገና ልጅ ነው፣ ማን ቀጠፈው?» በመጨረሻም ሙዳይ በመሰለች ቅርጫት እርስ በርሱ የሚጣበቅ ሩዝ ቀረበ። ሩዙን በጣታችን ቆንጥረን፣ አድበልብለን፣ ሥጋውን በእሱ እየዛቅን እንድንበላ አስተናጋጇ አሳየችን። የሊቀመንበሩ ፊት በራ። አሜሪካ ከመጡ ጀምሮ፣ ከሐበሻ ቤት ውጪ፣ በእጅዎ ይብሉ ያላቸው ሰው አልነበረም። ሄደው ታጠቡ። እርጥብ እጃቸውን እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ወደ ላይ ይዘው ሲመለሱ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው።

«በል አንብብ።»

ስለ ዝናብና ስለ ጃክሰን መንገድ አውቶቡስ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ግጥም ነበር። አራት መስመር እንዳነበብኩ እጃቸው አፌ ድረስ መጣ። ሩዝ፣ ሥጋ፣ ከላዩ ቀይ ቃሪያ።

«ጋሼ፣ ግጥሙን ልጨርስና...»

«በሞቴ።»

በሞቴ የተባለበት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ጎረስኩ። ቃሪያው ምላሴን አልፎ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ፊደላት መዋኘት ጀመሩ። አምስተኛውን መስመር ልጀምር አፌን ስከፍት ሌላ ጉርሻ እንደለመንኩ ቆጠሩልኝ።

«አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ጨመሩ።

አስተናጋጇ ከሩቅ ስታየን ቆይታ በረዶ ያለበት ውሃ ይዛ መጣች። ውሃው እሳቱን አላጠፋውም፤ ያልደረሰበት ቦታ አደረሰው እንጂ። ሊቀመንበሩ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሎ ይጠብቁኛል። የቀረኝ ትንፋሽ ከሁለት መስመር እንደማያልፍ ስለገባኝ መሃሉን ሁሉ ዘልዬ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች አነበብኩና ወረቀቱን አስቀመጥኩ። እንባዬ አገጬ ደርሷል።

አንዱ ፔጀር ጮኸ፤ አላዩትም።

«አለቀ?»

አላለቀም ለማለት ምላስ አልነበረኝም። አንገቴን ብቻ በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«አምና ያነበበው ልጅ ወጡ እስኪረጋ አልወረደም» አሉ። «ወጥ የሠሩት ሴቶች እስካሁን ይወቅሱኛል። ያንተ ግን ተጀመረ፣ አለቀ። ኦኬ፣ ታነባለህ።»

ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ደነገጥኩ፤ ክረምቱን ሙሉ የደከምኩበት መሃሉ ነበር።

«ጋሼ፣ ትንሽ የምትጨመር ነገር...»

«አንዲት መስመር ብትጨምር ማይክራፎኑን አስዘጋብሃለሁ» አሉና ሌላ ሩዝ ማድበልበል ጀመሩ። «ና፣ ይቺ ደግሞ የደስታ ናት።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና አፌን ከፈትኩ።