የጋሽ ተፈራ መለኪያና ረጅሙ ጋሪ

«ጣትሽ ቀጭን ነው፤ ፀጉር ቤት ይሻልሻል» አሉኝ ጋሽ ተፈራ በመጀመሪያው ቀን፣ አሰላ ካለው ጋሪ መሥሪያቸው በር ላይ ቆመው።

«ፀጉር ቤት ሞክሬዋለሁ፤ ሰለቸኝ» አልኳቸው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት መቀመጥ ያቃተኝ ጊዜ ነበር። ሳቁና ብሩሽ ሰጡኝ። በቀለም ቀቢነት ገባሁ፤ ከዚያ ግራይንደር ያዝኩ፣ ከዚያ ብየዳ።

በዚያ ቤት መጀመሪያ የተሠራው ጋሪ ሳንቃ ነው፦ ሁሉ ነገሩ እንጨት፣ ከሥሩ ብቻ ያረጀ የመኪና አክስል። ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ግን ማንም ገበሬ በመዶሻ ይጠግነዋል። እንጨት ሲወደድ አጽሙ ቱቦላሬ፣ ውስጡ ባዶ ብረት፣ ሆነ። ቀለለ፤ ብየዳው ግን ኮረኮንች ላይ ይሰነጠቅ ነበር። ስለዚህ ከሥሩ ንጥቂያውን የሚያለዝብ ባሌስትራ ገባ። ሰው እየጫነ ከተማውን የሞላው ይሄ ነው። በኋላ ባጃጅ ተሳፋሪውን ሲወስድበት ጋሽ ተፈራ ወንበሩን ነቅለው፣ እህል እንዲጭን ወለሉን ወደ ኋላ ሊያስረዝሙት ወሰኑ።

ያልረዘመው መለኪያቸው ነው። በሳንቃው ዘመን የቆረጡት እንጨት ነው። ከወለሉ የፊት ጫፍ ይነሳሉ፤ እንጨቱ ያለቀበት ቦታ ላይ አክስል ይበየዳል። አጭሩ ጋሪ ላይ ልክ ነበር።

የመጀመሪያውን ረጅም ጋሪ ያዘዙት የሳጉሬው ኦቦ ጀማል ናቸው። ስንዴ ለነጋዴ ያመላልሳሉ፤ ያለቻቸው አንዲት ባዝራ ናት።

«ጋሼ፣ በዚህ መለኪያ ጭነቱ ከአክስሉ ኋላ ይቀራል» አልኩ። «ዳገት ላይ ባዝራዋ የምትገባባቸው ሁለቱ ዘንጎች ወደ ላይ ይነሱና በሆዷ ጠፍር ያንጠለጥሏታል።»

«አንቺ ስንት ጋሪ ሠርተሽ ነው?»

«እንዲህ ያለ ረጅም? እርስዎም የመጀመሪያዎ ነው።»

«በይጂው አልኩሽ።»

ለመንቀል እንዲመች አክስሉን በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዝኩት። ኦቦ ጀማል ሊወስዱ ሲመጡ፣ ባዝራዋን ከማሰራቸው በፊት እንጫነው አልኩ። ከጎረቤት ወፍጮ ቤት እህል የሞላ ኬሻ ተዋስን። ጋሽ ተፈራ ሊያሳፍሩኝ ዘንጎቹን ራሳቸው ጨበጡ። ኬሻው ኋላ ላይ ሲደራረብ ተረከዛቸው ከመሬት ተነሳ።

«ተፈራ፣ ሣር ላምጣልህ?» አሉ ኦቦ ጀማል። የወፍጮ ቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጋሽ ተፈራ ጭነቱን አስወረዱ፣ ነጥቦቹን በግራይንደር ቆረጡ፣ አክስሉን ወደ ኋላ ገፋነው። እንደገና ጫንን። ዘንጎቹ በአንድ እጅ የሚያዙ ሆኑ። እኔ በይጄ ጨረስኩ።

«ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ ኦቦ ጀማል፤ ባዝራቸውን አስረው ሄዱ።

«ሰው ፊት ፈረስ አደረግሽኝ» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ከነገ ጀምሮ ብየዳ አትነኪም።»

«የሚቀጥለውን ረጅም ማን ይሠራዋል?»

«እኔ። በመለኪያዬ።»

ወለል ሲረዝም አክስሉም ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቦታው የሚታወቀው ሲጫን ነው።

የብየዳ መነጽሬን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ፣ ሻርፔን አራገፍኩና ሌላ ጋሪ ቤት ፍለጋ የኢተያ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።