በዕጣ የሚታመም ሆድ

በእኛ ስፌት ቤት ሴቱ ሁሉ የጨጓራ በሽተኛ ነበር። ቢያንስ የመስመር ኃላፊያችን ጋሼ ባምላኩ ዓመታቱን ሙሉ የሚያውቁት እንደዚያ ነው። አንዷ ፊቷ ገርጥቶ፣ ሆዷን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ስትደፋ «ምን ሆንሽ ልጄ?» ይላሉ። «ጨጓራዬ ነው ጋሼ» ትላለች። እሳቸውም ከልባቸው አዝነው ተልባ ጠጪ፣ በርበሬ ቀንሺ ይላሉ። ሚስት አላቸው፤ ሴት ልጆች አሳድገው ድረዋል። ጨጓራ በየወሩ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ በሽታ አለመሆኑን ግን አንድም ቀን አልጠረጠሩም። ወይም ጠርጥረው ዝም ብለዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያናድደኝ እስካሁን አልለየሁም።

ከጨጓራ በሽተኞቹ ሁሉ የባሰባት የኔነሽ ነበረች። አጠና ተራ ተወልዳ ያደገች የኮልፌ ልጅ ናት። ባሏ ጌድዮን ከአየር ጤና ቤቴል ታክሲ ይነዳል፤ ራዕይ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር ትዘምራለች፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደግሞ ከእኛ ጋር የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የእሷ መኪና ኮሌታ ነው፤ ቀጥሎ ያለው የእኔ እጅጌ ነው። ኮሌታው ካልመጣ እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ስለዚህ የዚያችን ሴት ወር ከባሏ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ ብል አላጋነንኩም።

ሲመጣባት እንዲህ ነው። ጠዋት ስትገባ ከንፈሯ ነጭ ነው። ከሻይ ክፍሉ ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ታስሞላና ከጋዋኗ ሥር ሆዷ ላይ በነጠላ ታስረዋለች። ሰው ካያት «ወገቤን በርዶኝ» ትላለች። ኮሌታውን እየሰፋች ክር በጥርሷ ትነክሳለች፤ ለመቁረጥ አይደለም፣ እንዳትጮህ ነው። ሞዴሷን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ጡቷ ሥር ሸጉጣ መጸዳጃ ቤት ስትመላለስ ሕገ ወጥ ዕቃ የምታሻግር ነው የምትመስለው። ቤቴል አንድ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። «ስትወልጂ ይለቅሻል» አሏት። ራዕይን ወለደች፤ አለቀቃትም። ተመልሳ ሄደች። «እንግዲህ ሁለተኛውን ስትወልጂ» አሏት። ማስታገሻውን ገዝታ ወጣች።

ባለፈው ግንቦት ግን ተአምር የመሰለ ነገር ሆነ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ልጅ ሳምሪ ሥራውን ከአባቷ ተረክባ ነበርና አንድ ጠዋት መኪናዎቹን አስጠፍታ ሰበሰበችን። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እያንዳንዷ ሴት በወር አንድ ቀን የወር አበባ ፈቃድ አላት። ደመወዝ አይቆረጥም፤ የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም» አለች። ቃሉን እንዲህ ጮክ ብላ፣ በወንድ ፊት! ጋሼ ባምላኩ ሳላቸው መጣ። እኛ ሁላችን መሬት መሬት ማየት ጀመርን። የኔነሽን ሰረቅ አድርጌ አየኋት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይኼን ሁሉ ባላወራሁ።

ጋሼ ባምላኩ ሳላቸውን ጨርሰው «ጥሩ ነው። ግን ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ቀን ከቀረ መስመሩ ይቆማል። በቀን ከአንድ ሰው በላይ አይሆንም» አሉ። ሳምሪ አሰበችና እውነትዎን ነው አለች። እና ማን በየትኛው ቀን? እዚህ ላይ ነው እትዬ ዋጋነሽ የተነሡት። እትዬ ዋጋነሽ ቁልፍ ይተክላሉ፤ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ፤ የሰፈራቸው ዕቁብ ዳኛም ናቸው። «ይኼ ምን ያስጨንቃል? ዕጣ ነዋ!» አሉ።

ጭብጨባው ቀለጠ። አዎ፣ ዕጣ! አድልዎ የለ፣ ኩርፊያ የለ። ለቤት ዕጣ፣ ለዕቁብ ዕጣ የለመደ ሰው ለደሙም ዕጣ ቢያወጣ ምን ይገርማል? የወሩ የሥራ ቀኖች በብጣሽ ወረቀት ተጽፈው ተጠቀለሉ፤ ጋሼ ባምላኩ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰጡ፤ ኮፍያው በየመኪናው ዞረ። ዓርብ ወይም ሰኞ የወጣላት እልል ተባለላት። ከሃያ ምናምን ሴት መሐል አንዲት እንኳ «ቆይ፣ ሆዴ ቀኑን በምን ያውቀዋል?» ብላ አልጠየቀችም። በኋላ ስናስበው ሁላችንም ሳቅን። ያን ዕለት ግን የሳቀ የለም።

ፈቃዱ ወር ሳይሞላው ሌላ ነገር ሆኖ አረፈው። አንዷ ለእህቷ መልስ ወሰደችው። አንዷ ለክርስትና። እኔ ራሴ መታወቂያ ለማደስ ወረዳ ሄጄበታለሁ፤ ሲስተም የለም ብለው መለሱኝ። ቀን መለዋወጥ ተጀመረ፣ «ያንቺን ሐሙስ ስጪኝና የኔን ማክሰኞ ውሰጂ» እየተባለ። እትዬ ዋጋነሽማ አበባው ከቀረባቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ከሁላችን ቀድመው ነው እጃቸውን ኮፍያው ውስጥ የሚከቱት። አንዷ ደፍራ ብትጠይቃቸው «ይኼን ሁሉ ዘመን ያለ ፈቃድ ደምቻለሁ። የምወስደው ውዝፌን ነው» አሉ።

የኔነሽ በሰኔ የወጣላት ቀን የወሩ መጨረሻ ላይ ነበር። ሕመሟ የመጣው ገና ወሩ ሲጀምር። ሃይላንዷን ታጥቃ ዋለች። መጨረሻ ላይ ቀኗ ሲደርስ ደህና ሆና ቤቷ ተቀመጠችና ልብስ አጠበች።

በሐምሌ ብልህ እሆናለሁ ብላ አስቀድማ ለመነች። አንዲት ልጅ ቀኗን በደስታ ለወጠቻት። ሆዷ ግን ሁለት ቀን ዘግይቶ መጣ። ዳግመኛ ቀይሩልኝ ለማለት አፍ አጣች። «እንደ ዕቁብ ቆጥረሽ በልተሽዋል እኮ የኔነሽ!» ብለው እትዬ ዋጋነሽ ቀለዱባት። እሷም አብራ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ እንዲያውም መቀሴን ወርውሬው ነበር። «ለምን ለሳምሪ አትነግሪያትም?» ብዬ ጮህኩባት።

«ምን ብዬ? ደሜ ዕጣውን አላከበረም ልበላት? ተዪው በናትሽ። ከሌላው ተለይቼ አስቸጋሪ መባል አልፈልግም» አለችኝ።

አስቸጋሪ መባል የፈራችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነሐሴ ለእኛ ቤት የጭንቅ ወር ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ወላጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሚያስታውሰው ያኔ ነው። በዚያ ወቅት ያለ ፈቃድ መኪናውን ጥሎ የወጣ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል። ዓምና አንዲት ልጅ ልጇ ታሞባት ሮጣ ወጣችና በማግስቱ ዘበኛው ከበር መለሳት። ዘንድሮ ደግሞ የጌድዮን ታክሲ ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ቆሟል። ራዕይ እንድትበላ ያቺ የኮሌታ መኪና መሽከርከር ነበረባት።

ነሐሴ ሃያ አራት ሆነ። የዕለቱ ባለ ፈቃድ እትዬ ዋጋነሽ ነበሩ፤ የተክልዬ ማኅበር እሳቸው ቤት ነው የሚጠጣው። የኔነሽ ዋዜማውን አጠገባቸው ሄዳ «እትዬ፣ ነገ የሚብስብኝ ይመስለኛል፤ ቀንዎን ቢለውጡኝ» ብላ ነበር። «ወይ የኔ ልጅ! ሌላ ቀን በሆነ! ጠላው ተጥሏል፣ ሰው ተጠርቷል። ደግሞ እናንተ ጴንጤዎች ማኅበር ስለሌላችሁ አይገባችሁም» አሏት። በክፋት አይደለም። በክፋት ቢሆን እንኳ ደህና ነበር፤ ሰው ይናደድበታል።

ጠዋት የኔነሽ ስትገባ አስደነገጠችኝ። ፊቷ እንደ ገብስ ዱቄት ነጥቷል። ሃይላንዷን አሰረች፣ ማስታገሻዋን ዋጠች፣ ተቀመጠች። ኮሌታ አንድ ይመጣል፣ ይቆማል። አንድ ይመጣል፣ ይቆማል። ከሻይ ሰዓት በፊት ቀና ብዬ ሳያት ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሥታ ወደ ታች ታያለች። ወንበሩ ላይ ያነጠፈችው ጨርቅ ርሷል። ጋዋኗን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችና የመኪናውን መብራት አጠፋች። ቆማ ወደ ጋሼ ባምላኩ ሄደች። አለቀላት አልኩ።

«ጋሼ፣ ልሄድ ነው» አለቻቸው።

ጋሼ ባምላኩ የተከመረውን ጨርቅ አዩ፣ እሷን አዩ። «ጨጓራሽ ተነሣብሽ?»

ከልማድ የወጣ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ጨርቁን በሙሉ ራሳቸው ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ።

«ጨጓራ የለብኝም ጋሼ» አለች የኔነሽ። ያ መዝሙር የሚያወጣ ድምጿ አዳራሹን ሞላው። «ጨጓራ ኖሮብኝም አያውቅም። የወር አበባዬ ነው። እየደማሁ ነው። ወንበሩ ላይ ሂደው ማየት ይችላሉ።»

መስመሩ ቆመ። ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ዘምዛሚ፣ ሁሉም ጸጥ አለ። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ሴት ስትቀር ይቆማል እያልን የፈራንለት መስመር፣ የቆመው ቃሉ ሲጠራ ነው።

«ልጄ…» አሉ ጋሼ ባምላኩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛሬ እኮ የዋጋነሽ ቀን ነው!»

ይቺን ሲሉ ራሳቸውም ሰሟት መሰለኝ። አፋቸው ትንሽ እንደተከፈተ ቀረ። የኔነሽ ቦርሳዋን አነሣች፣ ጋዋኑን ወገቧ ላይ ጠበቅ አደረገችና ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። እኔ እስከ በር ሸኝቻት ራይድ ጠርቼ ተመለስኩ፤ የዓምናዋን ልጅና ዘበኛውን እያሰብኩ ነበር።

ስመለስ ጋሼ ባምላኩ መነጽራቸውን አድርገው የኔነሽ ቦታ ተቀምጠዋል። ወንበሩን ቀይረዋል። በወጣትነታቸው መርካቶ ልብስ ሰፊ እንደነበሩ ሰምቼ ነበር፤ አላምንም ነበር እንጂ። ሳምሪ ከቢሮዋ ወርዳ «ምንድን ነው? መስመሩ ቆመ እንዴ?» አለች።

«አልቆመም» አሉ ቀና ሳይሉ። «የኔነሽ የወር አበባ ፈቃድ ወጥታ ነው።» ቃሉን ሲሉት አላሳላቸውም።

«ዛሬ የእትዬ ዋጋነሽ አልነበረም?»

«እሳቸው ማኅበር ደግሰው ነው» አሉ። ሳምሪ ጥቂት ቆመች፤ ትርጉሙ ሲገባት ፊቷ ቀላ። ተመልሳ ወደ ቢሮዋ ወጣች።

በማግስቱ የኔነሽ መጣች። ጋዋኗን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በፌስታል አጣጥፋ ይዛዋለች፤ ልታስረክብ ነው የመጣችው። ዘበኛው ግን እንደ ወትሮው አሳለፋት። ጋሼ ባምላኩ የትናንቱን የኮሌታ ክምር እያሳዩዋት «በይ ፍቻቸው፤ ሁሉም ጠምመዋል» አሏት። እውነትም አንድ ደህና የለም። ግማሽ ቀን ስትፈታቸው ዋለች። እየተናደደች ትፈታለች፣ እየተናደደች ታለቅሳለች። ሥራዋ አለ ማለት ነው።

የነሐሴ መጨረሻ ላይ ለመስከረም ዕጣ ኮፍያው መዞር ጀመረ። የኔነሽ ጋ ሲደርስ እጇን ሳትከት ለእኔ አቀበለችኝ። «ዕጣሽስ?» አልኳት። «የኔ ራሱ ይመጣል። ሲመጣ እነግራችኋለሁ» አለች። እኔም ሳልከት አሳለፍኩት። ቀጥላ ያለችውም። ኮፍያው እንደ ሞላ መጨረሻ ላይ እትዬ ዋጋነሽ ጋ ደረሰ። እሳቸው ልማዳቸው ነው፤ እጃቸው ገብቶ ነበር። ዙሪያቸውን ሲያዩ ሁላችንም ወደ እሳቸው እናያለን።

«እኔስ?» አሉ ተቆጥተው። «የእናንተ ሲመጣ ትሄዳላችሁ። የኔ እኮ አይመጣም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ባምላኩ ሳይቀሩ ሳቁ። ያልሳቀችው የኔነሽ ብቻ ናት።

«እትዬ» አለቻቸው ቀስ ብላ፣ «ለማኅበርዎም፣ ለሕመምዎም፣ ለደከምዎት ዘመን ሁሉ ፈቃድ አብሬዎት እጠይቃለሁ። ሳምሪ ጋ አሁኑኑ እንውጣ ካሉ እወጣለሁ። በእኔ ደም ግን አይሆንም።»

ሳቁ ቆመ። እትዬ ዋጋነሽ እጃቸውን ከኮፍያው ውስጥ አወጡ፤ ባዶውን ነበር።