አባቴና «ዝምታ ይከበር»

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴን ከዘንገና አምጥቼ እንጅባራ እኔ ዘንድ አስቀመጥሁት። «አስቀመጥሁት» ስል ለአፌ ያህል ነው፤ እሱ ጓዙን አስሮ በር ሥር አቁሞታል። ቅዳሜ ገበያተኛ ይዞ በሚመለሰው መኪና እሄዳለሁ ይላል። ያንን ባዶ ቤት ለብቻው ሲከፍተው እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ዓርብ ዕለት ቤተ መጻሕፍት ወሰድሁት። እኔ የልብስ ስፌት ልኬት የተማርሁት እዚያ ቁጭ ብዬ ነውና፣ ለእሱም የሚሆን አይጠፋም ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን ዘንግቼ ነበር። አባቴ ፊደል የቆጠረው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እዚያ ደግሞ ድምፁ ያልተሰማ ተማሪ ተኝቷል ተብሎ ይገሠጻል። ገና ስንገባ ግድግዳው ላይ «ዝምታ ይከበር» የሚለውን አየና አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ አነበበው። ተማሪዎቹ ሣቃቸውን በእጃቸው አፈኑ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ፈገግ ብላ የልጆች መጻሕፍት ወዳሉባት ክፍል አስገባችን። አባቴ አንዱን አንሥቶ ጀመረና ጥቂት ቃል እንዳነበበ ቆመ። መጽሐፉ በአገውኛ የተጻፈ ነው። አባቴ ግዕዙንም አማርኛውንም ያነባል እንጂ የቤታችንን ቋንቋ በፊደል ተጽፎ አይቶ አያውቅም። እናቴ ደግሞ ከአገውኛ ሌላ አትናገርም ነበር።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ የእናትሽ አነጋገር ነው!» አለኝ።

ከመጀመሪያው ጀመረ፣ አሁንማ ጭራሽ ጮክ ብሎ። ታሪኩ ጓሮዋ የገባችባትን ዶሮ ስለምታባርር ሴት ነው። ሴትዮዋ ስትቆጣ ልክ እናቴ እንደምትቆጣው አድርጎ ያነበዋል። ሣቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ሠራተኛዋ ተመልሳ መጣች። «አባባ፣ ተማሪዎቹ ለፈተና እያጠኑ ነው፤ እባክዎ ትንሽ ቀስ ብለው ያንብቡ።»

«ቀስ ካልሁማ አልሰማትም» አላት።

ማንን እንደሆነ አልጠየቀችውም። በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታልን ወጣች።

ማታ ቤት ስንገባ አባቴ ጓዙን ፈትቶ ጋቢውን አወጣ።

«ነገ፣ ቅዳሜም ይከፍታሉ?» አለኝ።

«አዎ፣ ይከፍታሉ» አልሁት። ይከፍቱ አይከፍቱ እኔም አላውቅም።