ዊልማ ከግርጌው ትጀምራለች

በኦሃዮዋ ትንሽ ከተማችን ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ዊልማ ክራንዳል ጽሑፍ የምታነበው ከግርጌው ጀምራ ነው። ማን እንደጻፈውና ማን እንደከፈለበት ሳታይ ርዕሱን እንኳ አታነብም። ባሏንም አጣርታ ነው ያገባችው ይባላል። እኔማ ይሄ አመሏ ያንገበግበኛል።

ስለ ብሔራዊ መታወቂያ የከተማ ስብሰባ ሲጠራ ጎረቤቴ ቨርነን ሁለት ጽሑፍ፣ አንድ የደጋፊ አንድ የተቃዋሚ፣ ይዞላት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። የደጋፊውን ገለበጠችና፣ «ይሄን ያስጻፈው የመታወቂያ ካርዱን የሚያትመው ድርጅት ነው» አለች።

«የተቃዋሚውስ?» አላት ቨርነን።

«ካርድህን ሌባ ከርቀት በመሣሪያ እንዳያነበው የሚከልል ቦርሳ ሻጭ ነው። አንተ በፈራህ ቁጥር እሱ ይሸጣል።»

ቨርነን ተናደደ። «አንቺ ሴትዮ፣ ታዲያ ማንን ልመን? ለመሆኑ አንቺስ የማንን ደሞዝ ነው የምትበዪው?»

ዊልማ መነጽሯን አወለቀች።

«የመንግሥት» አለች። «በል እኔንም አትመነኝ።»