በሐሳቡ የሚያጨበጭበው ሰውዬ

በፊጂ፣ በላባሳ ሆስፒታል፣ አስታማሚዎች በሚቀመጡበት ዳስ ውስጥ፣ የያንጎና መጠጥ የያዘው ቅል ዞሮ አንድ ታማሚ ሰውዬ ጋ ደረሰ። በአገሩ ልማድ ሳያጨበጭቡ ቅል መቀበል ነውር ነው፤ የሰውዬው ቀኝ እጅ ደግሞ ሽባ ነው። ጎኑ የተቀመጠው ዓሣ አጥማጅ መዳፉን ዘረጋለት። ሰውዬው በግራ እጁ ያንን መዳፍ መታና ጠጣ።

ባሏን የምታስታምመው ሴሩዋያ አፏን አጣመመች። ሌሎቹ ሕሙማን እጃቸውን ለማፍታታት ኳስ ለመጨበጥ ሲታገሉ፣ ይህ ሰውዬ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በድን እጁን እንደ ታጠበ ሳሕን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይውላል።

«አባባ፣ ተኝተው ነው?» አለችው።

«እያጨበጨብኩ ነው፤ በሐሳቤ። አእምሮ ካልረሳው ጡንቻም ይሰማል ብላኛለች ነርሷ። በልጄ ሰርግ ላይ በሰው መዳፍ አልጠጣም።»

«እንዲህ ከሆነማ እኔም በሐሳቤ ካሳቫ ተክዬ ልጥገብ! እግዜር የሚባርከው ሥራን እንጂ ምኞትን አይደለም።»

ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ግንባሩን ግን ድንጋይ የተሸከመ ያህል አልቦት ነበር።

«ልጄ፣» አላት፣ «እስቲ ጣትሽን ክንዴ ላይ አድርጊና፣ በሐሳቤ ሳጨበጭብ ጡንቻው ይነቃነቅ እንደሆነ ንገሪኝ። ልጆቼ ስለሚያዝኑልኝ ሁልጊዜ ‹አዎ› ነው የሚሉኝ፤ አንቺ ግን አታባብይኝም።»