የኮርሳዬ ጎማ ልክ

አዲስ ጎማ በሸተተኝ ቁጥር መቱ የሚገኘው የጋሼ ደረጄ ብስክሌት መጠገኛ ትዝ ይለኛል። ልጅ ሆኜ የኮርሳ ብስክሌቴ የኋላ ጎማ ሁሩሙ መንገድ ላይ ቢተረተርብኝ፣ የአባቴ ጓደኛ ናቸውና እየገፋሁ ወሰድኩላቸው። ጣቴን ይዘው በጎማው ጎን ያለውን ጽሑፍ አስነበቡኝ።

«ሰባት መቶ በሃያ አምስት። ዓይን ይዋሻል የኔ ልጅ፣ ቁጥር አይዋሽም።» ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ልክ ግን ሂን ጂሩ! አዲስ አበባም የለም። ከሚዝግብሽ እዚሁ ተዪው።»

እያለቀስኩ ትቼላቸው ሄድኩ።

በሳምንቱ ልጃቸው ብስክሌቴን ገበያ ዳር አቁሞ ሸንኮራውን ሲመጥ አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ አዲሱን ጎማ አነበብኩ፤ ሰባት መቶ በሃያ አምስት።

ዛሬ ለልጄ ጎማ ስገዛ ባለሱቁ «ይመኑኝ እትዬ፣ ልኩ ነው» አለኝ። ወደ ጎማው ጎንበስ አልኩ።