የእንፋሎት ሠዓሊዋ

ለአሸናፊ ማንም ያጨበጭባል፤ የተሸነፈውን ቀና ብሎ በአክብሮት የሚያየው ግን እግዚአብሔር ልቡን ያለሰለሰለት ሰው ነው። በጃፓን የወደብ ከተማ በዮኮሃማ ከወደብ ሠራተኛ ባለቤቷ ጋር የምትኖረው ኦሪሞ ታዙኮ እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ እጇ የታመነ፣ በሰው ገበታ ላይ የነቀፋ ቃል ያልወጣት።

ሥራዋ ሥዕል ነው። መምህር ኩራሞቺ የሚባሉ ሰው በየሳምንቱ በሚወጣ መጽሔት ላይ ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚነበብ ተከታታይ ታሪክ፣ ያሳትማሉ። ታሪኩ ስለ ቻይና ምግብ አብሳዮች ውድድር ነው። ሁለት አብሳዮች በምድጃ ፊት ይቆማሉ፤ ነበልባሉ ጣሪያ ይነካል፤ ዳኞች ይቀምሳሉ፤ አንዱ ያሸንፋል፣ አንዱ ይሸነፋል። ሰዎቹን የሚሥሉት መምህሩ ናቸው። ምግቡ ግን የታዙኮ ድርሻ ነው። የዳክዬው ቆዳ ወዝ፣ በሾርባው ላይ የተንሳፈፈው ዘይት፣ በሣህኑ ጠርዝ ላይ የወደቀችው አንዲት የሰሊጥ ፍሬ እንኳ ከእርሷ እጅ ትወጣለች።

ከሁሉ ይልቅ የተመሰገነችበት ግን እንፋሎቷ ነው። እንፋሎት በቀለም አይሣልም። በምግቡ ሥዕል ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ተለጣፊ ወረቀት ይደረጋል፤ ከዚያም ነጠብጣቡ በምላጭ ጫፍ በቀስታ ይፋቃል። የተፋቀው ስፍራ ይነጣል፤ ነጩም እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል። ምላጩ ጥቂት ከጠለቀ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ጥቂት ከቀለለ ደግሞ እንፋሎቱ እድፍ ይመስላል። መምህር ኩራሞቺ የእርሷን ገጽ ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው በቀልድ ይጠርጉ ነበር። «ጉም ለበሰብኝ» ይላሉ።

ታዙኮ በወጣትነቷ የራሷን ታሪክ ልትጽፍ ተመኝታ ነበር። ለጀማሪዎች በተዘጋጀ ውድድር ሥራዋን አቅርባ ሳትመረጥ ቀረች። ስለ አሸናፊው ብዙ ተጻፈ፤ የእርሷ ስም በተሳታፊዎቹ መካከል ተሳስቶ ታተመ። አልተማረረችም። ከዚያ ወዲህ ግን፣ በታሪኩ ውስጥ የሚሸነፈውን አብሳይ ምግብ ልትሥል ስትቀመጥ አሮጌውን ምላጭ ጥላ አዲስ ታወጣለች። ምክንያቱን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እርሷም ተናግራ አታውቅም።

የምትሥለውን ምግብ አስቀድማ በዓይኗ ማየት ልማዷ ነው። ስለዚህ በቻይናውያኑ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ሽማግሌው ኩዎክ ምግብ ቤት ትሄዳለች። የምሳው እንግዳ ወጥቶ የማታው ሳይገባ፣ ከመስኮቱ አጠገብ እርሳሷን ይዛ ትቀመጣለች። ሽማግሌውን እንደ ሰፈሩ ልማድ «አጎቴ» ትላቸዋለች።

በዚያ ዓመት በመከር ወራት ለታሪኩ በእንፋሎት የበሰለ ሙሉ ዓሣ አስፈለገ። አጎት ኩዎክ ዓሣውን ጠርዙ ሰማያዊ በሆነው ሞላላ ሣህናቸው አቀረቡ፤ ቀጭን የተከተፈ ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ነሰነሱበት፤ የጋለ ዘይት በጭልፋ ሲያፈሱበት ዓሣው ጮኸ። ታዙኮም አጎንብሳ መሣል ጀመረች።

«ብይ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው።

«ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ፣ አጎቴ። ክንፉን ልጨርስ።»

«ክንፉን ስትጨርሺ እሱ በርዶ ያልቃል። ይሄ ዓሣ ሁለቴ ሞተ፤ አንዴ በአጥማጁ መረብ፣ አንዴ ባንቺ እርሳስ።»

ሚስታቸው ወይዘሮ ሜይፎንግ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ተዋት እስቲ! አንተስ ስታጨኝ ሻይ አስቀርበህ ስታፈጥብኝ አልነበር? ሻዩ ቀዘቀዘ።»

«አንቺ ግን አልቀዘቀዝሽ!» አሉና ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያም ወደ ታዙኮ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዓሣዬ ያሸንፋል?»

«አጎቴ፣ መጽሔቱ ሳይወጣ መናገር አይፈቀድልኝም።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ምስጢር ከሆነማ አሸንፏል ማለት ነው።»

ታዙኮ አንገቷን ደፋች። ዓሣው እንደሚሸነፍ ታውቅ ነበር። ሽማግሌው ግን በዚያው ምሽት ለፀጉር አስተካካዩም፣ ለሻይ ቅጠል ነጋዴውም፣ በር ላይ ለቆመው ሁሉ «ዓሣዬ አሸንፎ መጽሔት ላይ ሊወጣ ነው! ሣህኔን አይታችሁ ትለዩታላችሁ!» እያሉ አወጁ። ሰፈሩም ቀኑን መጠበቅ ጀመረ።

ታዙኮ ነገሩን ቀላል አድርጋ ይዛው ነበር። በእርሷ እጅ የሚሸነፍ ምግብ ሁሉ አምሮ ይሸነፋልና፣ አጎቴ ቢያዝኑም አያፍሩም ብላ ነበር። ነገር ግን ከማስረከቢያው ቀን በፊት የመጽሔቱ አዘጋጅ፣ ኒዋ የሚባለው ፈጣን ወጣት፣ የአንባቢዎችን ፖስት ካርድ በከረጢት ተሸክሞ ወደ መምህሩ ሥራ ቤት መጣ።

«መምህር፣ ሰው ግራ ገብቶታል» አለ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚጽፈው። ሁለቱም ምግብ እኩል ያስጎመጃል፣ ታዲያ ይሄኛው ለምን ተሸነፈ? ነው የሚሉት።» ወደ ታዙኮም ዞሮ፣ በአገሩ የአክብሮት መጠሪያ «ሳን» ብሎ ጠራት፦ «ታዙኮ ሳን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎ እጅ ነው ጥፋቱ። ተሸናፊው ተሸናፊ ይምሰላ!»

በዚያ ሙያ የአንባቢው ፖስት ካርድ እንደ ዳኛ ነው፤ ታሪክን ያቆያል፣ ታሪክን ያስቆማል። መምህር ኩራሞቺ ወደ እርሷ ዞሩ።

«ታዙኮ ሳን፣ በዚህ ሳምንት ዓሣውን ትንሽ አበላሺው። ሲታይ ይታወቅ።»

«እሺ፣ መምህር» አለች።

እሺ ካለች በኋላ ነው ሸክሙ የከበዳት። ትእዛዙን ብትፈጽም፣ ሰማያዊ ጠርዝ ባለው ሣህን ላይ የተበላሸ ዓሣ ተቀምጦ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል፤ ፀጉር አስተካካዩም ይስቃል፤ ዕድሜያቸውን በአንድ ምድጃ ፊት የፈጸሙት ሽማግሌ በገዛ ደጃፋቸው ይዋረዳሉ። ባትፈጽም የመምህሯን ቃል ትጥላለች። ሣህኑን ልለውጠው ብላ አሰበች፤ ግን ሽማግሌው ሣህናቸውን ሊፈልጉ ገጹን በጣታቸው ሲከተሉ ታያት፤ ይህም ሌላ ውርደት መሰላት።

ታዛዥ ናትና ሞከረች። የዓሣውን ዓይን አሰመጠች፣ ቆዳውን ሰነጠቀች፣ የሽንኩርቱን ቅጠል አጠወለገች። ሥዕሉ ሠመረላት፤ እጅግ የሚያስጠላ ዓሣ ሆነ። ቀና ብላ ስታየው ግን ውሸት ሆኖ ታያት። አጎት ኩዎክ እንዲህ ያለ ዓሣ ለሰው አቅርበው አያውቁምና። ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ከዚያ በምግብ ቤቱ በእርሳስ የሠራችውን ንድፍ አወጣች። ዓሣው ሙሉ ነበር፤ ክንፉም ዓይኑም ትክክል ነበር፤ እንፋሎት ግን የለውም። አስቀድሞም አልነበረውም። እርሷ ስትሥል የዋለችው ሁሉ የበረደ ምግብ ነው፤ ሙቀቱን ከጊዜ በኋላ በምላጭዋ የምትመልስለት እርሷው ናት። የሽማግሌው ተረብ በጆሮዋ ተሰማት፦ ሁለቴ ሞተ።

አዲስ ወረቀት ዘረጋች። ዓሣውን በሙሉ ውበቱ ሣለችው። ግራጫውን ወረቀት ለጠፈችበት። ምላጩን ግን አላነሳችም። እንዲሁ ለመምህሩ ወስዳ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

ኩራሞቺ አዩት። «እንፋሎቱን ረስተሻል።»

«አልረሳሁም፣ መምህር።»

«ታዲያ?»

«ዓሣው ጥሩ ዓሣ ነው። ግን በርዷል።»

«ለምን ይበርዳል? ውድድር ላይ እኮ ነው ያለው፤ ማን አስቆመው?»

ታዙኮ መልስ አዘጋጅታ አልመጣችም ነበር። እዚያው ፈጠረችው። «አብሳዩ ወጣት ነው፣ መምህር። ተፎካካሪው ሽማግሌ ነው፤ የእርሱ ምግብ በተከደነ የሸክላ ድስት ስለሆነ ቶሎ አይበርድም። ሁለቱም እኩል ከጨረሱ… ልጁ ቀድሞ ማቅረብ ያፍራል። ‹እርስዎ ይቅደሙ› ይላል። ሽማግሌውም ‹የለም፣ አንተ ቅደም› ይለዋል። እዚህ አገር ደግሞ አንዴ እንዲህ ከተጀመረ…»

መምህሩ ፊታቸው ሳይፈታ በአፍንጫቸው ሳቁ። የሚስታቸው እናትና የእርሳቸው እናት በባቡር በር ላይ ‹ይቅደሙ› ሲባባሉ ባቡሩ ጥሏቸው የሄደበት ቀን ትዝ ብሏቸው እንደ ነበር በኋላ ተናግረዋል። ብርዕ አንስተው የመጨረሻዎቹን ገጾች እንደገና ነደፉ። ወጣቱ አብሳይ ሣህኑን ይዞ ሲሰግድ፤ ሽማግሌው መልሶ ሲሰግድ፤ ወጣቱ እንደገና ሲሰግድ፤ እንፋሎቱም በእያንዳንዱ ሥዕል እየቀነሰ ሲሄድ። ስለዚህ ታዙኮ ያንኑ ዓሣ ደጋግማ ሣለችው፤ መጀመሪያ እንፋሎቱ ከሥዕሉ ክፈፍ ወጥቶ እስኪፈስ፣ በመጨረሻ ግራጫው ሳይነካ። ዳኛው ቀምሶ የሚለውን መምህሩ ጻፉ፦ «ይህ ዓሣ ከምድጃ በተነሣበት ሰዓት የሚተካከለው አልነበረም።»

ኒዋ ገጾቹን ቆሞ አነበበ። «የምግብ ውድድር ነው ወይስ የስግደት?» አለ። ቀጥሎ ግን የመጨረሻውን ሥዕል ከመጀመሪያው ጋር አስተያይቶ «ለምን እንደ ተሸነፈ ሕፃንም ያውቀዋል» ብሎ በከረጢቱ ከተተው።

መጽሔቱ በወጣ ዕለት ታዙኮ ራሷ ይዛው ሄደች። ሌላ ሰው እንዲያሳያቸው አልፈለገችም። አጎት ኩዎክ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተቀበሏት፤ ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ወይዘሮ ሜይፎንግ በትከሻቸው በኩል ያነብባሉ። ሽማግሌው ሣህናቸውን ባዩ ጊዜ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ገለጡ፤ እንደገናም ገለጡ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«ተሸነፍኩ» አሉ።

«አዎ፣ አጎቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ለፀጉር አስተካካዩ አሸንፌያለሁ ብዬዋለሁ እኮ።»

ሽማግሌው ወደ ኋላ መልሰው የመጀመሪያውን ሥዕል፣ እንፋሎቱ የሚፈስበትን፣ ብዙ አዩት። እጃቸውን በላዩ ዘረጉ፤ እሳት እንደሚሞቅ ሰው።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ። ቀጥለውም የመጨረሻውን ገለጡ። «ይሄኛው ደግሞ ያንቺ ነው! ይሄ እዚያ መስኮት ሥር የገደልሽው ዓሣ ነው። እንኳን እውነቱን ሣልሽ! እስካሁን ሰው ትኩስ ትበያለሽ ብሎ ሲሸወድ ነው የኖረ።»

«ጨዋ ሆኖ ነው የተሸነፈው» አሉ ወይዘሮ ሜይፎንግ፤ «አንተ ብትሆን ሽማግሌውን ገፍትረህ ታልፍ ነበር።»

«አልፋለሁ! ዓሣ ይዞ ጨዋነት የለም።» ፊታቸው ተፈታ። መጽሔቱን ሰማያዊው ሣህን በሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ላይ፣ የገባ ሁሉ እንዲያየው፣ ገጹን ገልጠው አቆሙት። «ፀጉር አስተካካዩን እኔ አስረዳዋለሁ። የሚበልጠው አልነበረም ተብሎ ተጽፏል፤ ያንብብ።»

ጓዳ ገቡ። ዘይቱ ጮኸ። ሲመለሱ ዓሣውን አላስቀመጡም፤ ሌላኛውን እጃቸውን ዘረጉላት።

«እርሳሱን።»

ታዙኮ እርሳሷን ሰጠቻቸው። ከዚያ ነው ሣህኑን ያስቀመጡላት። እንፋሎቱ ፊቷን ነካው፤ በሥዕል ስትፈጥረው የኖረችው እንፋሎት ሽታ እንዳለው እስከዚያ ቀን ልብ አላለችም ነበር። መብያ እንጨቶቿን አንሥታ ከክንፉ ሥር ቆረሰች፤ ምላሷ ተቃጠለ፤ ሳቀች።

«እንዴት ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ይቅደሙ፣ አጎቴ።»

«ብይ!»

ታሪኩ ከዚያ በኋላም ጥቂት ዘመን ቆይቶ እንደ ታሪክ ሁሉ ተፈጸመ፤ ታዙኮም ዛሬ በሌሎች መምህራን ታሪክ ውስጥ ገበታ ትሥላለች። ነገር ግን አስቀድማ ትበላለች፤ እርሳሷን የምታነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለተሸነፈ የራራች እጇን ፈጣሪ ያጽናላት። ከወደቡ ሥራ የሚመለሰው ባለቤቷ ሁልጊዜ ትኩስ እራት ይጠብቀው፤ ከምድጃዋ እሳት፣ ከገበታዋ እንግዳ፣ ከደጃፏም ሰላም አይታጣ።